የሰርግ ሲዲያችሁ ቀለሙ ሳይጠፋ እንዴት ታተርፉታላችሁ

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የተጋባ ሰው ቤት ብትገቡ ቡፌው ውስጥ ሁለት ሦስት ሲዲ አይጠፋም። ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ተለጥፎበታል። አንዱ ሰርግ፣ አንዱ መልስ፣ አንዱ ቅልቅል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ካሴት ተደምስሶ ለሌላ ሰርግ ውሏል። ኤዲት የተደረገበት ኮምፒውተርም ቦታ ሲሞላበት ተጠርጓል። እኔ በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ኤዲተር ነበርኩ። ዛሬ ደግሞ ሰዎች እነዚያን ሲዲዎች ይዘው ሲመጡ ወደ ሃርድ ዲስክ እያወጣሁ እሰጣለሁ። ስለዚህ የሥራውን ሁለቱንም ጫፍ አይቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት እንድታውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሲዲው ላይ ያለው ሰርግ የተጻፈው በቀለም ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንደሚታተም የዘፈን ሲዲ ፕላስቲኩ ላይ አልተቀረጸም። ስስ የኦርጋኒክ ቀለም ላይ ነው ያረፈው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ፀሐይ ላይ ሲከርም እንደሚደበዝዝ ይሄም ቀለም ይደበዝዛል። ይህን ከያዛችሁ የትኛውን ሲዲ መጀመሪያ ማውጣት እንዳለባችሁ፣ የት ማስቀመጥ እንዳለባችሁ፣ በምን ማጽዳት እንደሌለባችሁ ሁሉ ራሱ ይገባችኋል።

ቀለሙ እንዴት ይጽፋል

ራይት የሚደረግ ሲዲ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ አለ። የዲስኩ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይኸው ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ ከመሃል ወደ ዳር እየዞረ የሚሄድ አንድ ቀጭን ቦይ አለ። ተዘርግቶ ቢለካ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቦዩ ላይ በፈሳሽ የሟሟ ቀለም ይፈስበታል፤ ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ቀለሙ እኩል ይዳረሳል፤ ፈሳሹ ሲተን ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ከቀለሙ በላይ ብርሃን የሚመልስ የብር ወይም የወርቅ ሽፋን ይደረጋል፤ ከዚህ በኋላ መስታወት የምለው እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ስስ ቫርኒሽ። የሙሽሮቹ ፎቶ የሚለጠፈው እዚህ ላይ ነው።

ራይተሩ ሌዘሩን ሲያበረታ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጥና ይግላል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። እዚያች ነጥብ ላይ የቀለሙ ሞለኪውል ይፈርሳል፤ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክም በጥቂቱ ቅርጹን ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ነጥቧ የሚመጣባትን ብርሃን በደንብ አትመልስም። ማጫወቻው ደካማ ሌዘር እየላከ ብርሃኑ ከደማቅ ወደ ደብዛዛ፣ ከደብዛዛ ወደ ደማቅ የሚቀየርበትን ቦታ ይለካል። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ዘፈኑ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ልኬት ነው። አንዴ የፈረሰ ሞለኪውል ተመልሶ አይገጥምም፤ ስለዚህ ሲዲው ላይ መጻፍ የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ባጫወትነው ቁጥር ያልቃል» ብሎ ሲዲውን እንኳ አያወጣውም። ይሄ ስጋት ልክ አይደለም። የማንበቢያው ሌዘር ጉልበት 1 ሚሊዋት እንኳ አይሞላም፤ የመጻፊያው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ማጫወት ቀለሙን አይጨርሰውም። የሚጎዳው ሲወጣና ሲገባ የሚደርስበት ጭረት ነው።

ይህን ዓይነት ሲዲ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ታይዮ ዩደን የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ ደረጃውን ኦሬንጅ ቡክ በተባለው ሰነድ ያወጡት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሳያኒን ይባላል። ሳያኒን ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የፎቶ ፊልም ብርሃን እንዲቀበል ሲያደርግ የኖረ የቀለም ቤተሰብ ነው። ሞለኪውሉ ረጅም ሰንሰለት አለው። ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን የሚውጠው ብርሃን ወደ ቀይ፣ ከዚያም ዓይን ወደማያየው ከቀይ ማዶ ይሄዳል። የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር ስለሆነ ረጅም ሰንሰለት ያስፈልገዋል። የዲቪዲ ሌዘር 650 ናኖሜትር ስለሆነ ሰንሰለቱ ያጥራል። የባዶ ሲዲ ጀርባ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ የዲቪዲ ጀርባ ግን ወይን ጠጅ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የምታዩት ቀለሙ ሳይውጠው የቀረውን ብርሃን ነው።

የሳያኒን ጥሩነቱ ሌዘሩ ትንሽ ቢበረታም ትንሽ ቢደክምም ችሎ መጻፉ ነው። አሮጌ ራይተሮች ሁሉ ይወዱታል። ድክመቱ ያው ሰንሰለቱ ነው። ብርሃንና ኦክስጅን ሲተባበሩበት ይበጠሳል። ፋብሪካዎች ይህን የሚያዘገይ የብረት ውህድ ይጨምሩበታል፤ ይረዳል፣ ግን ፀሐይን ጨርሶ አያስቆምም።

ሁለተኛው ፍታሎሳያኒን ነው። ሚትሱይ ነው ለሲዲ ያደረሰው። ይሄኛው ሰንሰለት ሳይሆን ዝግ ቀለበት ነው። መሃሉ ላይ ብረት ይቀመጣል። ቅጠልን አረንጓዴ ከሚያደርገው ክሎሮፊል ጋር በቅርጽ ይቀራረባል። ብርሃንን በጣም ይችላል። የኔ ምርጫም እሱ ነው፤ በደንብ የተጻፈ የፍታሎሳያኒን ሲዲ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመጣ ያለ ችግር የሚነበበው ብዙ ነው። ነገር ግን የሌዘሩን ኃይል ልክ ይፈልጋል። ያረጀ ራይተር ከጻፈበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስህተት ይበዛበታል። ሦስተኛው ኤዞ ሲሆን ሚትሱቢሺ ኬሚካል በቨርባቲም ስም የሸጠው ነው። ከጨርቅ ማቅለሚያዎች ወገን ሆኖ በብረት የታሰረ ነው። እሱም ብርሃንን ይቋቋማል። ጥቁር ሰማያዊ መልኩን አንዴ ካያችሁት አትስቱትም።

የያዛችሁት ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይን መለየት

ዲስኩን ዳርና ዳሩን ይዛችሁ ጀርባውን ወደ መስኮት አዙሩት። ጥርት ያለ ብር ከመሰለ የፋብሪካ ሕትመት ነው፤ ቀለም የለውም፣ አያሳስባችሁም። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ካለ ሳያኒን ሊሆን ይችላል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ ኤዞ ነው። ወደ ወርቅማ ወይም ነጣ ያለ፣ አረንጓዴ ነክ ከሆነ ፍታሎሳያኒን ነው። ግራጫ ሆኖ ጨለም ካለ ደግሞ ተደምስሶ የሚጻፈው ዓይነት ነው፤ እሱ በቀለም ፈንታ የብረት ቅይጥ ነው የሚጠቀመው። ይሄ የዓይን ግምት ነው። መስታወቱ ወርቅ ይሁን ብር መልኩን ይለውጠዋል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ቦዩ ውስጥ የአምራቹ መለያ ኮድ ተጽፏል፤ ኢምግበርን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያነብላችኋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አያስተማምንም። መርካቶ በጥቅል ይሸጡ የነበሩት ብዙዎቹ በአንድ ስም ስር ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ነበሩ።

ሌላም ነገር እዩ። የተጻፈበት ክፍል ከመሃል ጀምሮ ቀለበት ሠርቶ መልኩ ካልተጻፈው ለየት ይላል። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ባዶ ነው» ቢላችሁ ግን ቀለበቱ በዓይን ከታየ ሰርጉ እዚያው አለ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያዘጋጀው ሰው ሲጨርስ ፋይናላይዝ አለማድረጉ፣ ማለትም ዲስኩን አለመዝጋቱ ነው። አንድ ቪዲዮ ቤት ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ሁልጊዜ ሳይዘጋ ይሰጥ ነበር፤ የዚያ ቤት ደንበኞች ዛሬም እኔ ጋ ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ዲስክ አይሶበስተር የተባለው ፕሮግራም ከፍቶ ያሳያችኋል።

አሁን ደግሞ ዲስኩን ወደ አምፖል አንሡትና በውስጡ አሻግራችሁ እዩ። ቀዳዳ የመሰሉ የብርሃን ነጥቦች ካያችሁ መስታወቱ ተነሥቷል። እዚያ ያለውን የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። ሲዲ ላይ ለአደጋ የተጋለጠው የሚያብረቀርቀው ጀርባ ሳይሆን የተጻፈበት ፊት ነው። ቀለሙና መስታወቱ ከዚያች ስስ ቫርኒሽ ስር ናቸው። በስክሪብቶ ጫን ብሎ መጻፍ ይበቃል። የተለጠፈውን ፎቶ ከላጣችሁት መስታወቱ ከወረቀቱ ጋር ይመጣል። ስለዚህ ቢያረጅም፣ ቢቆሽሽም፣ ጥጉ ቢነሣም አትላጡት። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች ተጣብቀው ቀለሙ መሃላቸው ነው።

ማጽዳት

አጭር ነው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና። ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ እንጂ እያዞራችሁ አትጥረጉ። ቦዩ የሚሄደው በዙሪያ ነው፤ በዙሪያው የሚሠራ ጭረት ብዙ ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ግን የማጫወቻው ስህተት ማረሚያ ይችለዋል። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ቤንዚን ፈጽሞ አታስነኩት። ፕላስቲኩ ይነጣል፣ ከዚያ ሌዘሩ አያልፍም። የጥርስ ሳሙና የሚባለውም ለጀርባ ጭረት ብቻ ነው። እሱም ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ።

ከየትኛው ልጀምር

መጀመሪያ ብርሃን ያየውን። ቡፌ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ለጌጥ የቆመውን። በተለይ የሚያብረቀርቀው ጀርባው ወደ ውጭ ዞሮ የኖረውን፤ ከፊት በኩል መስታወቱ ይከልለዋል፣ ከጀርባ ግን ብርሃን በቀጥታ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ቀጥሎ መኪና ውስጥ የኖረውን። ከዚያ ከድሬዳዋ፣ ከአፋር፣ ከጋምቤላ፣ ከመተማ የመጣውን፤ ሙቀት ቀለሙን ያለ ፀሐይም ያዳክመዋል። ከዚያ ፋይናላይዝ ያልተደረገውን፣ ከዚያ የተለጠፈበትን። ካርቶን ውስጥ ጨለማ ቦታ የኖረው የአዲስ አበባ ሲዲ መጨረሻ ቢሆን ግድ የለም። የከተማው ቅዝቃዜ ውለታ ውሎለታል።

አንዲት እናት የልጃቸውን ሰርግ በሦስት ቪሲዲ (ቪዲዮ በተጻፈበት ሲዲ) ይዘው መጥተው ነበር። ልጅቷ አሜሪካ ናት። ባለቤታቸው አርፈዋል። ሁለቱ በሣጥናቸው የነበሩ ናቸው፤ ያለ ችግር ወጡ። ሦስተኛው ግን መልሱ ያለበት ስለሆነ አምሮባቸው መስኮት ዳር አቁመውት ኖረዋል። ጀርባው ነጥቷል። ዴካቸው «ኖ ዲስክ» ይላል። «ልጄ፣ እሱ ሲመርቃቸው ያለበት ብቻ ይገኝልኝ፣ ሌላው ይቅር» አሉኝ። «እሺ እማማ፣ ሳንሞክር አንተወውም» አልኳቸው። የመጀመሪያው ድራይቭ ጥቂት አወጣ። ሁለተኛው የቀረውን ሞላው። ጭፈራው ላይ አንዳንድ ቦታ ምስሉ ይቆራረጣል። ምርቃቱ ሙሉ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አሁን እነግራችኋለሁ።

ማውጣት

ላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ራይተር፣ ቦታ ያለው ሃርድ ዲስክ። ከተቻለ ሁለተኛ ራይተር፣ ሌላ ሥሪት። ሁለት ድራይቮች አንድን ዲስክ እኩል አያነቡም። የአንዱ ሌንስ ከሌላው ይሻላል፤ የአንዱ ማረሚያ የበለጠ ይታገሣል። ሌላም ምክንያት አለ። የሲዲ ቀለም የተመረጠው ለ780 ናኖሜትር ነው። በ650 ናኖሜትር ብርሃን በደንብ አይመልስም። የመጀመሪያዎቹ የዲቪዲ ማጫወቻዎች የዲቪዲ ሌዘር ብቻ ስለነበራቸው ራይት የተደረገ ሲዲ አያነቡም ነበር። በኋላ ፋብሪካዎች ሁለተኛ ሌዘር ጨመሩ። የሲዲው ሌዘር የደከመበት ድራይቭ ዲቪዲ በደንብ እያጫወተ ሲዲ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ «ዲቪዲ ያነባል፣ እንግዲያው ሲዲዬ ነው የሞተው» አትበሉ። ድራይቭ ለውጡ።

ዲቪዲ ከሆነ ቀላል ነው። ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለውን ፎልደር ከነሙሉው ወደ ሃርድ ዲስኩ ቅዱ። ውስጡ ያሉት ቪኦቢ ፋይሎች እያንዳንዳቸው እስከ 1 ጊጋባይት ናቸው፤ ቪኤልሲ ያጫውታቸዋል። ወደ ትንሽ ኤምፒ4 ቀይሬ ዋናውን ልሰርዝ አትበሉ። ለስልክ የሚሆን ትንሽ ቅጂ ሌላ ሥሩ፤ ዋናው እንዳለ ይኑር።

ኮፒው መሃል ላይ ከቆመ ደጋግማችሁ አትጎትቱ። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ሊኑክሱን ከፍላሽ ማስነሣት ይቻላል። ሥራው ብልሃት አለው። መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ያነሣል፣ የተበላሸውን ዘሎ ይሄዳል። ሲጨርስ ወደ ዘለለው ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይሞክራል። የትኛው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ የመረጃ ክፍል) እንደተነበበ፣ የትኛው እንደቀረ ማፕ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁሉ የምወድለት ግን ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ድራይቭ ውስጥ ስትከቱት ያንኑ ማፕ ይዞ የቀረውን ብቻ መፈለጉ ነው። የሴክተሩን መጠን 2048 ባይት በሉት፤ ነባሪው 512 ነው፣ ለዲስክ አይሆንም።

ቪሲዲ ግን ለየት ይላል። የአማርኛ ፊልሙም ሰርጉም ብዙው በዚህ ነበር የሚወጣው። ፋይሎቹ ኤምፔግ ኤቪ በሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ስማቸው ዳት ብሎ ያልቃል። ከተራ ዳታ ይልቅ ብዙ ምስል ለማስገባት ሲባል ሦስተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ ቀርቶላቸዋል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ድብዘዛ እንኳ ወዲያው ምስሉ ላይ ይታያል። እንደ ተራ አይሶ (የዲስክ ሙሉ ግልባጭ ፋይል) በ2048 ባይት ብታወጡት አይሆንም፤ ምስሉ ያለበት ሴክተር 2324 ባይት ይይዛል። ዊንዶውስም ዳቱን ስትጎትቱ አንዲት መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ ሥራውን ትቶ የቀዳውን ይሰርዘዋል። እዚህ ላይ አይሶበስተር ይሻላል። ሴክተሩን እንዳለ ያነሣል፣ ያላነበበውን እንዲተካ ወይም እንዲዘል ይጠይቃችኋል፣ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ያላለቀ ሥራንም ዲስኩን ሌላ ድራይቭ ውስጥ አድርጋችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። የእማማን መልስ ያወጣሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ ሌሊቱን ተውኩት።

ስለ መዝሙርና ዘፈን ሲዲ አንድ ነገር አስምሩበት። የድምፅ ሲዲ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ ሲዲኤ የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች ታያላችሁ። እነሱን ወደ ፍላሽ ብትጎትቱ ምንም አልያዛችሁም። እያንዳንዱ 44 ባይት ብቻ ነው፤ መዝሙሩ የት እንደሚጀምር የሚጠቁም እንጂ ራሱ መዝሙሩ አይደለም። የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የመዘምራኑን የድሮ ቅጂ በዚህ መንገድ «አስቀምጠው» ዋናውን ሊጥሉት ሲሉ ነው የደረስኩት። የድምፅ ሲዲ በኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ይወጣል። እያንዳንዷን ክፍል ደጋግሞ አንብቦ እያነጻጸረ ይወስዳል። ዋቭ ወይም ፍላክ አድርጋችሁ ያዙ፤ ኤምፒ3 ለስልክ ብቻ።

ካወጣችሁ በኋላ

እስከ መጨረሻው እዩት። ራይተር የሚጽፈው ከመሃል ወደ ዳር ስለሆነ የሰርጉ መጨረሻ ያለው ዳር ላይ ነው። ጣት የሚነካው፣ ጭረት የሚበዛበት፣ ራይተሩም ሲፈጥን የሚሳሳትበት እዚያው ነው። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት አያዋጣም። ከዚያ ሻ256 የሚባለውን የፋይሉን አሻራ አውጥታችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ፋይሉ እንዳልተለወጠ የምታረጋግጡት በሱ ነው።

ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይኑር። አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ዘመድ ጋ፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁ እነሱ ጋ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን ፋይል ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚያሳልፍ ቪኦቢዎቹ ሳይቆራረጡ ይሄዳሉ። ፍላሽ ለማመላለሻ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጫ ግን አታድርጉት።

አዲስ ዲስክ ላይ መጻፍ ለሚፈልግ

አሁንም ዲስክ የሚወዱ አሉ፣ እኔም አንዷ ነኝ። ቫይረስ አይሰርዘውም፣ ሕፃን ልጅ በስሕተት ፎርማት አያደርገውም። ግን ምርጫው ጠቧል። ታይዮ ዩደን እንኳ በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከዚህ ሥራ ወጥቷል። መደብር ላይ የምታገኙት ጥራቱ ከስብስብ ስብስብ ይለያያል። ከአንድ ጥቅል መጀመሪያ አንድ ብቻ ጻፉና ሌላ ድራይቭ ላይ አንብቡት።

ስትጽፉ መካከለኛ ፍጥነት ይሻላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ቀለሙን በትክክል ለማሞቅ ያለው ጊዜ ያጥራል። እጅግ ማዝገምም ለፍጥነት የተሠራን አዲስ ዲስክ አይስማማውም። ባለ 16 ፍጥነት ዲቪዲ ካላችሁ በ8 ጻፉት። ፋይናላይዝ አድርጉ። ቬሪፋይ የሚለውን፣ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ የሚያረጋግጠውን፣ አትዝለሉ። ወረቀት አትለጥፉ። መጻፍ ካለባችሁ ውሃ ነክ ቀለም ባለው ማርከር፣ መሃል ላይ ቀለም በሌለበት ጥርት ያለ ቀለበት ላይ ጻፉ።

ለረጅም ዘመን ከሆነ ሐሳባችሁ ደግሞ ቀለም የሌለበትን ምረጡ። ኤምዲስክ የሚባለው ከኦርጋኒክ ቀለም ይልቅ ማዕድን ነክ ሽፋን ላይ ነው የሚጽፈው፤ የዲቪዲው ዓይነት የሚደግፈው ራይተር ይፈልጋል። ተራው ብሉሬይም ብዙው ኦርጋኒክ ያልሆነ ሽፋን ነው ያለው፤ 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ሌዘሩ 405 ናኖሜትር ነው። ግን ማሸጊያው ላይ ኤልቲኤች የሚል ካለ ተጠንቀቁ፤ እሱ ወደ ኦርጋኒክ ቀለም የተመለሰው ርካሹ ዓይነት ነው። ለሰርግ አልገዛውም።

አሜሪካ ያለው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የዲስክ አያያዝ መመሪያ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይመክራል። ደጋ ላይ ሙቀቱ በራሱ ይገኛል፤ የሚያስቸግረው የክረምቱ እርጥበት ነው። ዲስኩን በደረቅ ፕላስቲክ ሣጥኑ ውስጥ አቁማችሁ፣ ከግድግዳና ከመሬት አርቃችሁ፣ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ቆላ ላይ ላላችሁ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ካለ ሣጥን ይልቅ ከቤቱ ዝቅተኛውና ቀዝቃዛው ጥግ ይሻላል።

የድሮውን ዲስክ ካወጣችሁ በኋላም አትጣሉት። አልሞላ ያለ ሴክተር ካለበት ማፕ ፋይሉን ወይም ያላለቀውን ሥራ ከቅጂው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ስሙ ላይ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑን፣ የተሞከረባቸውን ድራይቮች ሥሪት ጻፉ። ሌላ ድራይቭ እጃችሁ የገባ ቀን ዲስኩን ከጨለማው አውጡና ካቆመበት አስቀጥሉት።